ባሌ ለፕሬዝዳንትነት ሲወዳደር

ባለፈው ሰሞን ከአስኮ በሚኒባስ ወደ ቤቴ ስመለስ ከጎኔ የተቀመጠች ኮረዳ በስልኳ ጌም ትጫወት ነበር። እኔ የሰው ስልክ ማየት አልወድም፤ ዓይኔን መስኮቱ ላይ ጥዬ የሳንሱሲን አቧራ አያለሁ። ድንገት ከእጇ ውስጥ ጭብጨባ ተነሣ። የአንድ ሰው ጭብጨባ አይደለም፣ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ብድግ ብሎ የሚያጨበጭበው ዓይነት። «በስመ አብ!» ብዬ ቦርሳዬን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ። ልጅቱ ደንግጣ «ምነው እማማ፣ አመመዎት?» አለችኝ። «አላመመኝም፣ እሱን ነገር ዝጊልኝ» አልኳት። ዘጋችው። ደግ ልጅ ናት፣ እስከምወርድበት ከታ ድረስ በዓይኗ ስትጠብቀኝ መጣች። የኔ ልብ ግን አልተመለሰም፤ ባሌ መርዕድ ለፕሬዝዳንትነት ይወዳደር ወደነበረበት ዘመን ነጎደ። አዎ፣ ለፕሬዝዳንትነት። አትሳቁ። መጀመሪያ እኔንም አስቆኝ ነበር፤ ኋላ ግን ከሰፈር ሊያስወጣንና ቀባሪ ሊያሳጣን ምንም አልቀረውም ነበር።

ቡራዩ የገባነው ልደታ የነበረው ቤታችን ከፈረሰ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ቡራዩ ከተማ ልሁን ገጠር ልሁን እያለች የምታመነታ ነበረች። በአንድ በኩል ብሎኬት ይመረታል፣ በሌላ በኩል ጤፍ ይወቃል። ክረምት ከመጣ ጭቃው ለጉድ ነው፤ ከተማ የሚሠራው ሰው ሁሉ ቦት ጫማ አድርጎ ይወጣና አስኮ ሲደርስ አውልቆ በፌስታል ቋጥሮ፣ የቢሮ ጫማውን ያደርጋል። ያንን ጭቃ የጠጣ ቦት የሚያስቀምጡ ባለሱቆች ነበሩ፤ ማታ ላይ ፌስታሉን ከነባለቤቱ ስም ያውቁታል። ታክሲው ሁለት ብር ከምናምን፣ ሻይ ከፓስቲ ጋር አምስት ብር አይሞላም። ጎረምሶቹ እግር ላይ የተጣበቀ ስኪኒ ሱሪ ታጥቀው፣ ፀጉራቸውን እንደ አውራ ዶሮ ኩክኒ አቁመው አሸዋ ሜዳ ላይ ይኮለኮላሉ። አንዱ ሲዲ ቤት ኦሮምኛ ይለቃል፣ ፊት ለፊቱ ያለው አማርኛ ይለቃል፤ ሁለቱ ዘፈን መሐል አስፋልት ላይ ተገናኝቶ አንድ ይሆናል፣ እኔም ሽንኩርት እየመረጥኩ በሁለቱም እወዛወዝ ነበር። ዛሬ አንዱ ሲዲ ቤት ባንክ ሆኗል፣ ሌላው የት እንደገባ አላውቅም። ያን ድብልቅ ዘፈን ግን የትም አላገኘውም፣ አይ ጊዜ።

መርዕድ ዕድሜውን በሙሉ መሥሪያ ቤት ተቀምጦ ካርታ ሲስል የኖረ ሰው ነው። ቀለምና ማስመሪያ እንጂ ሌላ አያውቅም። ጡረታ ወጥቶ ቤት መዋል ሲጀምር የታመምኩት እኔ ነኝ። ጨው የት ማስቀመጥ እንዳለብኝ ይመክረኛል፣ ያልተበላሸ በር ይፈታል። ደግነቱ ልበል ክፋቱ፣ መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ኮምፒውተሮቹን በጨረታ ሲሸጥ አንዱን ገዝቶ በታክሲ አናት ጭኖ መጣ። ጀርባው እንደ ከበሮ የተነፋ፣ ሲከፈት እንደ ወፍጮ የሚያጓራ ነገር ነው። ሰርቪሳችንን የተከራየ ገመቹ የሚባል የጫንጮ ሰው ነበር፣ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ዊንጌት ኮምፒውተር ይጠግናል። ጋሼ እንዳይደብራቸው ብሎ በፍላሽ አንድ ጌም አምጥቶ ጫነለት። የአሜሪካ ምርጫ ነው። ተኩስ የለው፣ ኳስ የለው። ተጫዋቹ ለፕሬዝዳንትነት ይወዳደራል፤ ካርታው ላይ አንዲት ነጥብ አለች፣ እሷ ዕጩው ናት፣ ከክልል ክልል ትዞራለች፣ ንግግር ታደርጋለች፣ ማስታወቂያ ታስነግራለች፣ ቃል ትገባለች። የወደዳት አገር ሰማያዊ ይሆናል፣ የጠላት ብርቱካናማ፣ ያልወሰነው ነጭ። በመጨረሻ ድምፅ ይቆጠራል። ይኸው ነው። ይሄን ብሎ ጨዋታ አለ? መርዕድ ግን ምሳውን ረሳ።

«ዘነቡ፣ ወደቅኩ እኮ!» እያለ ጓዳ ድረስ ይመጣል። ስሙ የመድኃኒት ስም የሚመስል አንድ ክልል ከድቶት ነው። «እንኳን ወደቅክ» እለዋለሁ፣ «ብታልፍ ኖሮ ማን ሽንኩርት ይልጥልኝ ነበር?» ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው የሱ ነገር። ሳቁ ግን ደስ ይለኝ ነበር። መርዕድ በሕይወቱ ለአንድ ነገር እንኳ ዕጩ ሆኖ አያውቅም፤ ስብሰባ ላይ እጁን ሲያወጣ ያየ የለም። አሁን በዚያ በሚያጓራ ዕቃ ፊት ተቀምጦ፣ ቡናማ ካፖርቱን ደርቦ፣ ለሚሊዮኖች ውሃና መብራት ቃል ይገባል። ይንቀባረር ብዬ ተውኩት።

ኋላ የአሜሪካው ሰለቸው። «የማላውቀውን አገር ምን ቃል ልግባለት?» አለ። ገመቹ የጌሙን ሆድ መክፈት ያውቅ ኖሮ ሁለቱ ሆነው የአሜሪካን ካርታ አወጡና የኛን አስገቡ። ሱሉልታ፣ ጫንጮ፣ ሰበታ፣ ሆለታ፣ መሐል ላይ ቡራዩ። ቡራዩን መርዕድ ራሱ ሰፋ አድርጎ ሳላት፤ ወንዙን፣ ጉብታውን፣ ሜዳውን። የሚቀረው የቦታዎቹ ስም ነበር። እኛ መጤዎቹ «ከብሎኬቱ ጋ»፣ «ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ» ስንል የምንኖር ነን፣ የመሬቱን ስም ከየት እናውቃለን? የሚያውቁት ኦቦ ቱፋ ነበሩ። ከአጥራችን ወዲያ ያለው መሬት የሳቸው ነው፤ አባታቸውም አያታቸውም ያረሱት። አማርኛቸው ከኛ የቀና ነው፣ ሲቆጡ ብቻ ወደ ኦሮምኛ ይገባሉ። ከሰዓት በኋላ በራቸው ላይ ካለችው የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ይቀመጣሉ፣ መርዕድ ይሄዳል፣ እኔም ምስር ይዤ እከተላለሁ፣ እየለቀምኩ እሰማለሁ።

«አካም ቡልተን ኦቦ ቱፋ?» ይላል መርዕድ። ከዚያ የዘለለ ኦሮምኛ የለውም።

«ነጋ፣ ነጋ። ና ተቀመጥ።»

«ያ ከወንዙ ማዶ ያለው ሜዳ ማን ይባላል?»

«ዲሬ ፈርዳ። የፈረስ ሜዳ ማለት ነው። አባቴ ፈረስ የሚያስሮጥበት።»

«ያ ጉብታስ?»

«ቱሉ ወራቤሳ፣ የጅብ ጉብታ። ድሮ ጅብ ነበረበት።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ደላላ ነው ያለበት» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ራሳቸው ቀጠሉ፣ ሳይጠየቁ። ጨፌ ቦሬ፣ ሣሩ የማይደርቅበት። መልካ ጉራቻ፣ ከብት የሚሻገርበት። ቡርቃ ሎኒ፣ የከብት ምንጭ፤ በልጅነታቸው በሆዳቸው ተኝተው ይጠጡበት የነበረ። «ልጆቼ እንኳ ይሄን ስም አያውቁትም» አሉ። «ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።» መርዕድ ቤት ገብቶ አንድም ሳያስቀር በየቦታው ጻፈው። ለሳቸው ግን ለምን እንደጠየቃቸው አልነገራቸውም። ይሄ ጌም የሚሉትን ነገር ለኦቦ ቱፋ እንዴት ብሎ ያስረዳል? እኔም ብሆን አላስረዳም ነበር።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጌሙ ላይ ነጥቧ ንግግር ስታደርግ ሕዝብ ያጨበጭባል። መርዕድ ደግሞ ጆሮው ስለደከመ ድምፁን እስከ ጥግ ነው የሚለቀው። ሁለት ሽማግሌዎች ብቻ ካሉበት ቤት፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ የሺህ ሰው ጭብጨባ ይወጣል። ልጅ አልወለድንም እኛ፤ ዘመድ አይመጣብን፣ ቤታችን ጭር ያለ ነው። ጎረቤት በአጥር ላይ እየተንጠራራ «ዘነቡ፣ ሽማግሌ ተልኮ ነው እንዴ? ማንን ልትድሩ ነው?» ይለኛል። እስቃለሁ። የሚሳቅ መስሎኝ።

ከዚያ ያ የማስተር ፕላን ወሬ መጣ። ዓመቱንና ወሩን አትጠይቁኝ፤ ስለፕላኑም እኔ የማውቀው ታክሲ ውስጥ የሰማሁትን ነው። አዲስ አበባ ልትሰፋ ነው፣ ዙሪያዋን ያሉትን ከተሞች ልትይዝ ነው ተባለ። ገበሬው መሬቴ አለ፣ ተማሪው ወጣ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ሰው ሞተ። ድንች ከሆለታ መምጣት አቁሞ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ታክሲ ውስጥ ሰው ማውራት እንደተወም አስታውሳለሁ። ወያላው እንኳ የመዳረሻውን ስም በሹክሹክታ ነበር የሚጠራው ብል ማን ያምነኛል? መርዕድ ግን ልማዱ አልለቀቀውም። «ሰፈራችሁ ምን ጎደለው? ምን ቢደረግላችሁ ትወዳላችሁ?» እያለ፣ ካርታው ላይ የጻፈውን የቦታ ስም እየጠራ፣ ሥጋ ቤቱንም ወፍጮ ቤቱንም ይጠይቃል፣ ለጌሙ እንዲሆነው። ፊት ሲጠይቅ ሰው ሁሉ ውሃ፣ መብራት እያለ ይተርክለት ነበር። አሁን ሲያዩት ዝም ይላሉ፣ ሲያልፍ በዓይን ይከተሉታል። አንድ ቀን ጠዋት ደግሞ በኦቦ ቱፋ አጥር ድንጋዮች ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ተገኘ። መሬት ለመለካት የሚቀባው ዓይነት ምልክት። ማን እንደቀባው ያየ የለም፣ ውሻቸውም አልጮኸም።

በዚያው ሰሞን ነው ካርታው ላይ አመድ ቀለም የታየው። ጫንጮ ሰማያዊ የነበረችው አመድ ሆና ተገኘች። መርዕድ ገመቹን ጠራው።

«ጋሼ፣ እኔ ሦስት ከለር ብቻ ነው ያስገባሁት» አለ ገመቹ፣ ፊቱን ወደ መስታወቱ አስጠግቶ። «ይሄን አላውቀውም።»

«ታዲያ ከየት መጣ?»

«ምን አውቄ። የሆነ ብልሽት ይሆናል።»

ፈለገ፣ ፈለገ፣ አላገኘውም። እናቱ ጋ ጫንጮ ቢደውል ስልኩ አይሠራም። ኋላ ነው የጫንጮ መንገድ ተዘግቶ እንደነበር የሰማነው። ከዚያ ሱሉልታ አመድ ሆነች። ወተት የሚያመጣልን ሰው የሱሉልታ ነበር፤ ቀረ፣ ጣሳዬን ይዤ በር ላይ ቆሜ ስጠብቅ ዋልኩ። ከዚያ ሰበታ። ሰበታ ያለው የአክስቱ ልጅ ለገመቹ ደውሎ «እንዳትመጣ» ብቻ ብሎ ዘጋው። እኔ ጌም ነገር ያመጣል የምል ሴት አይደለሁም። ግን ሁልጊዜ መጀመሪያ ካርታው ላይ ነበር፣ ኋላ ነው ወሬው የሚደርሰን። ሰውነቴን ይወረኝ ጀመር። «አጥፋው» አልኩት። «እሱ እኮ አይደለም የሚያደርገው» አለኝ። «እሱ ነው መቼ አልኩ? አልወደድኩትም፣ አጥፋው!» ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ማለት እሱ ነው። ቁጭ ብሎ ነጥቧን ወደ አመዱ ቦታ ይልካታል፣ ንግግር ታደርጋለች፣ ምንም የለም። ጭብጨባ የለም፣ ጩኸት የለም፣ ስድብ የለም። «ቢጠሉኝ ይገባኛል ዘነቡ» አለኝ አንድ ቀን፣ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን እያሸ። «የሚጠላህ ሰው ቢያንስ ይሰማሃል። እነዚህ ግን የሉም። አገሩ አለ፣ ሰዎቹ የሉም።» በማግስቱ ዲሬ ፈርዳ አመድ ሆነ። ከኛ አጥር ጀርባ፣ ከወንዙ ማዶ ማለት ነው።

ከዚያ ሁሉም ሰው ከቤት እንዳይወጣ የተባለበት ቀን መጣ። ሱቅ የለ፣ ታክሲ የለ፣ የወፍጮ ድምፅ የለ። በበሩ ቀዳዳ ሳይ አስፋልቱ መሐል አንዲት ግራጫ ፈረስ ቆማለች፤ የሚነፋባት መኪና ስለሌለ ዝም ብላ ቆማለች። ከገፈርሳ በኩል ጉም ወርዶ ፀሐይዋ እንደ ታጠበ ሳንቲም ገርጥታለች። እኔ ጓዳ ሆኜ አተር እከካለሁ። በዚህ መሐል ጭብጨባው ተነሣ። ደሜ ፈላ። «መርዕድ! ዛሬ እንኳ ተወው! ሰው ምን ይለናል?» ብዬ ጮህኩ። መርዕድ ከጓሮ በኩል መጣ፣ እጁ ውሃ ያንጠባጥባል፣ ጎመን ሲያጠጣ ነበር። ፊቱ ነጭ ሆኗል። «መብራት የለም እኮ ዘነቡ» አለኝ።

ሁለታችንም ቆምን። ኮምፒውተሩ ጨለማ ነው፣ መሰኪያውም ተነቅሏል። ጭብጨባው ግን አለ፤ ሞቅ ይላል፣ ቀዝቀዝ ይላል፣ እንደገና ይነሣል። ከመንገዱ አይደለም። ከሜዳው በኩል ይመስላል፣ ደግሞ ከግድግዳው ውስጥ ይመስላል። መርዕድ በሩን ከፈተ፣ እኔ ካፖርቱን ይዤ ተከተልኩት። ሰው የለም። ሜዳው ባዶ ነው። ጭብጨባው እዚያው ባዶው ሜዳ ላይ ቆየና አንድ ጊዜ እጥፍ ብሎ ጠፋ። አባታችን ሆይን ጀመርኩ፣ መጨረስ አቃተኝ። ዛሬም ድረስ ምን እንደነበር አላውቅም፤ አውቃለሁ የሚል ካለ ደግሞ እንዲነግረኝ አልፈልግም።

በማግስቱ ጠዋት ኦቦ ቱፋ መጡ። በሩ ላይ ቆሙ፣ ዱላቸውን ከፊታቸው ተክለው።

«ይግቡ እንጂ ኦቦ ቱፋ።»

«አልገባም። ትናንት ቤታችሁ ሰው ሞልቶ ነበር።»

«ማንም አልነበረም» አለ መርዕድ።

«እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ! ሲጨበጨብ ሰምቻለሁ። መሬቴን እያያችሁ ነው ያጨበጨባችሁት?» ዱላቸውን መሬቱ ላይ መቱ። «ካርታ አለዎት ይባላል። ዲሬ ፈርዳ፣ ቡርቃ ሎኒ ተብሎ ተጽፎበታል ይባላል። ይሄን ስም ለማን ነገርኩ? ለእርስዎ ብቻ ነው የነገርኩት። በገዛ አፌ! ላፍቲ ላፌዳ፣ መሬት አጥንት ነው ይል ነበር አባቴ። አጥንቱን እኔ ነኝ በአፌ አውጥቼ የሰጠሁት።»

ሁልጊዜ አንተ የሚሉትን ሰው አንቱ ሲሉት መርዕድ እንደተመታ ሰው ወደ ኋላ አለ። እሑድ ከእድሩ ዳኛ ጋር እንደሚመጡ ነገሩን። ካርታውን ያያሉ፣ የተባለው እውነት ከሆነ ከእድሩ ወጥተናል። ይሄን የከተማ ልጅ ላይረዳው ይችላል። እድር የለህም ማለት ብትሞት ጥሩምባ አይነፋልህም፣ ድንኳን አይተከልልህም፣ የሚሸከምህ የለም ማለት ነው። ልጅ ላለው ሰው ልጁ አለ። የኛ ልጅ እድሩ ነበር። ደግሞም በዚያ ሰሞን «ከገበሬው መሬት ጋር ነገር አለው» የተባለ ሰው ቤት ምን ሊመጣ እንደሚችል የሚያውቅ ያውቃል። እኔ በዚያ ሳምንት እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየሁም።

ገመቹም ፈራ። ለሱ ደግሞ በሁለት በኩል ነው፤ የሰፈሩ ሰው የገዛ ወገኑ ነው፣ ካርታውን የሠራው እሱ ነው። «ጋሼ፣ ዴሊት እናድርገው። ሻይ ሳይፈላ ይጠፋል» አለ።

«አጥፋው ገመቹ፣ አንተ ንካው፣ እሱን አትጠይቀው!» አልኩ እኔ።

መርዕድ ወንበሩን አዙሮ ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። «ባጠፋው ምን እላቸዋለሁ? ምንም አልነበረም? ሰውዬው የሰጠኝን ያውቃል። ካጠፋሁት ሸጬዋለሁ ማለት ነው።» ከዚያ ቀን በፊት እንደዚያ ኮራ ብሎ ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም። ተናድጄም ቢሆን ወደድኩት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጡ። ኦቦ ቱፋና የእድሩ ዳኛ። ሻይ አቀረብኩ፣ አልነኩትም። ገመቹ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ኮምፒውተሩ አጓርቶ ተከፈተ። መርዕድ ጉሮሮውን ጠርጎ ጨዋታ መሆኑን፣ ምርጫ መሆኑን፣ ከቤት ወጥቶ እንደማያውቅ አስረዳ። ዳኛው አንዴ እሱን አንዴ እኔን አዩ። «ጨዋታ? በዚህ ዕድሜ?» አሉ። እኔ በደስታ ነበር የምስማማላቸው፣ ጊዜው ባይሆን።

«መሬቴን አሳዩኝ» አሉ ኦቦ ቱፋ።

ማንበብ ስለማይችሉ መርዕድ በጣቱ እየነካ ያነብላቸው ጀመር። ጨፌ ቦሬ። መልካ ጉራቻ። ዲሬ ፈርዳ። ኦቦ ቱፋ አገጫቸውን ዱላቸው ላይ አሳርፈው ይሰማሉ፣ እንደ ቅዳሴ። እስከዚያ እሑድ ሁሉም አመድ ሆኗል፣ ከመስታወቱ የሚወጣው ብርሃን ፊታቸውንም አመድ አስመስሎታል።

«ቡርቃ ሎኒ የቱ ነው?»

«ይሄ።»

«ውሃው አለ?»

«አለ። ይቺ መስመር እሱ ናት።»

«ብሎኬት ማምረቻ ደፍኖታል እኮ።»

«እዚህ አልተደፈነም። እርስዎ እንደነገሩኝ ነው የሳልኩት።»

«ዲሬ ፈርዳስ? አጥር የለውም?»

«የለውም።»

ኦቦ ቱፋ ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አሳረፉ። ከዚያ ያቺን ነጥብ አዩ። «ይቺ የምትሄደው ምንድን ናት?»

«እኔ ነኝ» አለ መርዕድ፣ እንደ ተማሪ።

«ምን ትሠራለህ እዚያ?»

«ምረጡኝ እላለሁ።»

«ይሰሙሃል?»

«አይሰሙኝም። አመዱ እሱ ነው።»

«ታዲያ ያን ቀን ማን አጨበጨበ?»

«አላውቅም ኦቦ ቱፋ። እኛም ሰምተናል። በእናቴ አጥንት፣ አላውቅም።»

ዳኛው ወንበራቸው ላይ ተንቀሳቀሱ። «እኔም ሰምቻለሁ» አሉ ቀስ ብለው፣ ወደ ኦቦ ቱፋ ዞረው። «ያንተ ግቢ መስሎኝ ነበር። ሰው ሰብስበህ መስሎኝ፣ ፈርቼ ሳልጠይቅህ ቀረሁ።» ገመቹ ከግድግዳው ሆኖ «እኔ ደግሞ ከአሸዋ ሜዳ መስሎኝ ነበር» አለ። ቤቱ ውስጥ ያለነው በሙሉ ተያየን። ሁሉም ሰምቷል፣ ሁሉም ከሌላ ሰው ቤት የመጣ መስሎታል።

ገመቹ «ላጥፋው?» አለ፣ እጁን ወደ ኪቦርዱ ሰዶ።

ኦቦ ቱፋ ዱላቸውን አነሡ። «ማን አጥፋ አለህ? ብታጠፋው የት ይሄዳል? ሌላ የት አለ?» ከዚያ ወደ መርዕድ ዞሩ። «አንተ ግን እጅህን አንሣ። የሰው መሬት ላይ ሰው ሲሄድ ሰላምታ ሰጥቶ ያልፋል። ምረጡኝ አይልም።»

መርዕድ ሰማቸው። በዚያ ጌም ተጫዋቹ ከተወ ማሽኑ ራሱ ዕጩውን ያንቀሳቅሰዋል፤ ገመቹ ያንን አደረገ፣ ንግግሩንም አወጣው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነጥቧ ማንም ሳያዛት፣ ምንም ሳትናገር፣ ከቦታ ቦታ መሄድ ጀመረች። ኦቦ ቱፋ የቀዘቀዘውን ሻይ አንስተው ጠጡት። እኔም ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ፕላኑ ቀርቷል ተባለ ኋላ። ሰው ደስ አለው፣ ታክሲ ውስጥ ወሬ ተመለሰ፣ ድንችም መጣ። ፕላኑ ቀረ እንጂ መሬቱ ግን አልቀረም፤ አንዱን በካሳ፣ አንዱን በደላላ፣ አንዱን ልጆች ተጣልተው እየሸጡት አለቀ። ዲሬ ፈርዳ ላይ ዛሬ መጋዘን ነው ያለው። ቱሉ ወራቤሳ ለድንጋይ ተቆፍሮ ጉብታው ጉድጓድ ሆኗል። ኦቦ ቱፋ በገዛ መሬታቸው ላይ፣ የልጃቸው ፎቅ ጀርባ በተሠራች አንዲት ክፍል ይኖራሉ። መርዕድ ሆዱን ታምሞ ሞተ። ጥሩምባው ተነፋ፣ ድንኳኑ ተተከለ፤ ከተሸከሙት መሐል ኦቦ ቱፋ ነበሩ፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ልጆቻቸው ተዉ ቢሏቸው እምቢ ብለው። አፈሩ ሲመለስ ከኔ በላይ አለቀሱ።

አርባው ካለፈ በኋላ አንድ እሑድ በሬን አንኳኩ። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፣ አሁን ግን ጭራሽ ጠፍቶ በዱላ እየዳሰሱ ነው የመጡት። «ያንን ነገር ክፈቺው» አሉኝ። እኔ ከፍቼው አላውቅም፤ መርዕድ ከሞተ ወዲህ ልብስ አልብሼው ነበር ያስቀመጥኩት። ገመቹ አሁን ከሚኖርበት ሰበታ ሆኖ በስልክ መራኝ። ካርታው ወጣ። አመድ ነው፣ ሁሉም እንደነበረ። ከዚያ ያቺ ነጥብ ተንቀሳቀሰች። ልጮህ ነበር። ሰውዬው አፈር ከገባ ሁለት ወር ሊሆነው ነው፣ እሱ ግን እዚያ ከመልካ ጉራቻ ተነሥቶ ቀስ እያለ ይሄዳል። ስሙም ከላይ ተጽፏል፣ መርዕድ። እዘጋው ብዬ እጄን ሰደድኩ፣ ኦቦ ቱፋ ግን ስሞቹን ቀድመው እየጠሩ ነበርና እጄን መለስኩ። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ይመጣሉ። አነብላቸዋለሁ፣ እሳቸው ደግሞ እዚያ ምን እንደነበረ ይነግሩኛል፤ የትኛው ጋ ጥላ እንዳለ፣ የትኛው ጋ እሾህ።

ባለፈው እሑድም መጡ። ከተቀመጡ በኋላ እንደ ልማዳቸው «ዛሬ የት ነው ያለው?» አሉኝ።

«ቡርቃ ሎኒ ደርሷል» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጥሩ ነው። እዚያ ውሃው ቀዝቃዛ ነው። አትቸኩዪ፣ ጠጥቶ ይሂድ።»

እኔም ነጥቧ ከምንጩ እስክትነሣ ድረስ ኮምፒውተሩን ሳልዘጋ ጠበቅኩት።